ዘይነባና የምታንኳኳው ባኪ

ዘይነባ ያረፈች ቀን ስልኬ በሚያለቅሱ ፊቶች ተሞላ። «እናታችንን አጣን» ይላል አንዱ። «የደግነት ምሳሌ ነበረች» ይላል ሌላው። አንዱማ ፎቶዋን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በአበባ ከቦ፣ ከጎኑ የምትበር ነጭ ርግብ ጨምሮ ለጥፎታል። ዘይነባ ብታየው «ርግቧን ምን ብታደርጓት ነው እንዲህ የምትሸሸው?» ትል ነበር። እኔ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሜያለሁ። ልብሷንና ጫማዋን የያዘውን ላስቲክ በእጄ እንዳንጠለጠልኩ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ስሞቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ካለፈው ዓመት ብርድ ጀምሮ ሰላምታዋን ያልመለሱ ሰዎች ናቸው።

ከዘይነባ ጋር የተዋወቅነው ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን ነው። እሷ ከፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች፣ እኔ ከኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል። እኔ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሜ «ቲቸር» ሆነ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ ዘይነባ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ «እትዬ እያልክ አታስረጀኝ፤ እርጅና ራሱ መንገዱን ያውቀዋል» አለችኝና ዘይነባ ብቻ ሆና ቀረች።

የስልጤ ሰው ናት። አማርኛ አገሯ ሳለች እምብዛም አትናገርም ነበር፤ የለመደችው እዚህ ስደት ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከአገሬው ቋንቋ ከዙሉ ጋር አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ስትገረም «ወይ ጉድ» አትልም፤ እንደ ደንበኞቿ «ሃይቦ!» ነው የምትለው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ባሏ ሱልጣን ከሞተ በኋላ የሱን ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ትለብስ ነበር፤ የሱንም ባኪ ትነዳ ነበር። ባኪ እዚህ አገር ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን የጭነት ፒክአፕ የሚጠሩበት ስም ነው። በዚያች ባኪ ከሐጂ ሙዘይን ሆልሴል፣ ከጅምላ መደብራቸው፣ ዳቦና ለስላሳ ጭና ቮስሎሩስ ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር፣ ላሉት ሱቆች ታደርስ ነበር። ሐጂ የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው።

አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ሲያናግራት መዳፏን በአቅራቢያዋ ባለ ነገር ላይ ታሳርፋለች፤ ጠረጴዛ ይሁን፣ የበር መቃን ይሁን፣ የባኪዋ ኮፈን ይሁን። የሚባለውን በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በእጇም የምትሰማ ትመስላለች። ስትዋሽ ያየኋት ጊዜ የለም። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ አብሮ ለመኖር የሚከብድ ጠባይ ነው። የሠራሁትን ወጥ ቀምሳ «ቲቸር፣ ይሄ ለሰው አይሰጥም» ትለኛለች። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ስወጣ «ያንተ አይደለም፣ መልሰው» ትላለች። ከሁሉ በላይ የምትደጋግማት አባባል ግን ይህቺ ነበረች፦

«መኪናው ሲያንኳኳ ሬዲዮ ከፍ ከሚያደርግ ሰው ጋር አትሳፈር።»

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በሰኔው ብርድ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ በሐጂ ሱቅ የሚሠራ ከድር የሚባል ሰው ታመመ። አራስ ልጁን ሳያይ ከአገር የወጣ፣ ዝምተኛ የቤተሰብ አባት ነበር። ከሱ ጋር ጀማል የሚባል ሌላ ሠራተኛ አለ። ሁለቱም የሚሸጡት በፍርግርግ ብረት ውስጥ ሆነው ነው፤ የሚተኙትም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ። ዘይነባ ዳቦ ልታደርስ ስትሄድ ከድር ብረቱን ይዞ እያለከለከ «እባክሽ ሐኪም ቤት አድርሺኝ» አላት። ያን ጊዜ ባኪዋ አፍ እስከ ገደፏ ዳቦ ተጭኖባት ነበር። እዚያው ቆማ ለሐጂ ደወለችላቸው። ሐጂ ደግሞ «በሽታው እኛ ሱቅ እንደገባ ከተሰማ ሰፈሩ ሱቁን ያቃጥለዋል። የመኖሪያ ወረቀቱም ጊዜው አልፎበታል፤ ሆስፒታል ሄዶ ቢይዙትስ? መድኃኒት እልካለሁ፣ ነገ አየዋለሁ» አሏት። በማግስቱ ሄደው አላዩትም። በሦስተኛው ቀን ጀማል ሲቀሰቅሰው አልነቃም።

ሐጂን ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ግማሹን ሰው ከአገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። ማንም ሲሞት የሚከፍኑት እሳቸው፣ ሬሳ አገር የሚልኩት እሳቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው። ስለዚህ በከድር ለቅሶ ላይ፣ ግቢያቸው ውስጥ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረው፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ተቀምጦ ሳለ፣ ሐጂ ተነሥተው «ወንድማችን ልቡ በድንገት ቀጥ አለ፤ የአላህ ውሳኔ ነው» ሲሉ ሁሉም «አሚን» አለ።

ከሴቶቹ በኩል ዘይነባ ተነሣች። እጇ የፊት ለፊቷ ወንበር ጀርባ ላይ ነበር።

«የአላህ ውሳኔ መሆኑን አምናለሁ፤» አለች፤ «ግን ልቡ አይደለም። ሳንባው ነው። ሐኪም ጠይቋል። እኔ ሰምቻለሁ፣ ለእርስዎም ነግሬአለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ዳቦውን አራግፌ ይዤው መሄድ ነበረብኝ። የእርስዎም ነው። ለሚስቱ ስንደውልላት ይሄንን እንንገራት።»

አንዲት ሴት ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች። ሐጂ «ኀዘን አናግሯት ነው፤ ወደ ቤት አድርሷት» አሉ። የሚያደርሳት ሰው ግን አልተነሣም። በገዛ ባኪዋ ብቻዋን ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም «እንዲህ ይሁን» ብሎ አልወሰነውም። ዝም ብሎ ሆነ። ሆልሴሉ ጭነት የለም አላት። ሰላምታ ስታቀርብ ሰዎች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ባኪዋ ደግሞ በዚያው ሰሞን ብሶባት ነበር። የሎኬሽኑ ጉድጓድ የፊት እግሮቿን ጨርሷቸው፣ በግራ በኩል ኳ፣ ኳ፣ ኳ ትላለች። ቴስቲናው፣ ማለትም ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያይዘው የብረት መገጣጠሚያ፣ ተበልቶ እየዋለለ ነው። ንዝረቱን የሚያበርዱት አሞርዛተሮቹም ዘይታቸውን ተፍተው ደርቀዋል። ዘይነባ አዲሶቹን ዕቃዎች አስቀድማ ገዝታ፣ ትሮይቪል ያለው መካኒካችን ግርማ ሊገጥምላት ቀን ቆርጦላት ነበር። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደወለችለት፤ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«ዘይኑ፣ ዛሬ አይመቸኝም» አላት።

«ነገስ?»

«ነገም... እ... ተረጂኝ እንጂ። ደንበኞቼ ሁሉ የሐጂ ሰዎች ናቸው።»

«ገባኝ፤» አለችው፤ «አንተም ታንኳኳለህ፣ ግርማ።» ዘጋችው።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ሌላ ጥሪ ገባ። ጀማል ነው። ድምፁ እንደ ታፈነ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ዘይኑ፣ እኔም ጀምሮኛል። ሐጂ ጠብቅ ይሉኛል። ከድርም ጠብቅ ሲባል ነው የሞተ። ነይልኝ፣ በአላህ።»

ለአምቡላንስ ደወልን፤ የሚያናግረን ሰው የለም፣ የምንሰማው ሙዚቃ ብቻ ነው። የኪራይ መኪና ጠራን፤ አንዱ ቮስሎሩስ ሲባል፣ ሌላው በሽተኛ ሲባል ትቶን ሄደ። በዚህች ባኪ ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ መውጣት አይቻልም፤ ቴስቲናው ከተነቀለ ጎማው ይገለበጥና መኪናዋ በአፍጢሟ ትደፋለች። ዘይነባ የባኪዋን ኮፈን በመዳፏ ነካችው።

«ቲቸር፣ እኛው እንገጥመዋለን።»

«ገጥመሽ ታውቂያለሽ?»

«ሱልጣን ሲገጥም መብራት ይዤ አውቃለሁ። አንተስ?»

«እኔ መብራትም ይዤ አላውቅ።»

«እንግዲያው ከእኔ ትማራለህ። አላህ ይርዳህ።»

ሐሙስ ስለነበር የሱና ፆም ላይ ነበረች። መጀመሪያ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች የጎማውን ብሎኖች አላላች፤ ከዚያ በክሪክ አነሣናት። ግድግዳው ሥር የተከመሩ ጡቦች አይቼ ከሥር ላስገባ ስል እጄን መታችኝ። «ጡብ ከዳተኛ ነው፤ ሳይነግርህ ይሰነጠቃል።» አከራያችን የቆረጠው ወፍራም ግንድ ነበር፤ እሱን እያንከባለልን አመጥተን ከሻንሲው ሥር አደረግነው፤ የወለቀውንም ጎማ በመጠባበቂያነት ከጎኑ አጋደምነው። ብርዱ አጥንት ይበሳል፤ ብረቱ ሲነኩት ይጣበቃል።

የቴስቲናው ዳዶ ተፈታ፤ ራሱ ቴስቲናው ግን አልላቀቅ አለ። እሷ በመዶሻ ትመታለች፣ እኔ እመታለሁ፣ ዝገቱ ዓይናችን ውስጥ ይበናል። በመሃል ስልኳ ይጮኻል፤ ጀማል ነው። «እየመጣሁ ነው፤» ትለዋለች፤ «ሻይ ጠጣ፣ በጎንህ ተኛ፣ አትናገር።» ትዘጋና ትመታለች። ስትመታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ስድብ አልለየሁም። በመጨረሻ እንደ ጥይት ጮኾ ተላቀቀና የታችኛው ክንድ ክሪኩ ላይ ወደቀ። አሮጌውን ቴስቲና በሁለት ጣቷ ይዛ አወዛወዘችው፤ እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ ይወዛወዛል። «ይሄን ሁሉ ጊዜ በዚህ ላይ ነበርኩ፤» አለች፤ «ሃይቦ!»

አዲሱን ገጠምን፤ አሞርዛተሮቹን ቀየርን። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጎማውን መልሰን ባኪዋን አወረድናት። በሰፈሩ አንድ ዙር ልንሞክራት ወጣን። ገና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስንረግጥ፦ ኳ።

«ትንሽ ናት፤» አልኳት፤ «እንሂድ። ሰውየው እየሞተ ነው።»

ሞተሩን አጠፋች። «ልጁን ከሱቅ አውጥቼ መንገድ ላይ ልገድለው ነው? ትንሽ ማንኳኳት የሚባል የለም፣ ቲቸር። ወይ ያንኳኳል፣ ወይ አያንኳኳም።»

ተመለስን። በዚያን ሰዓት ጠላኋት። እሷ ግን ባኪዋን እንደገና በክሪክ አንሥታ፣ ከሥር ተንጋልላ እየዳሰሰች ሄዳ ነገሩን አገኘችው። አሞርዛተሩ አናት ላይ መግባት የነበረባት የጎማ ቀለበት አልገባችም። ካፖርቷን ፈተሸች፤ ከኪሷ ወጣች።

«እኔ ነኝ የረሳኋት፤» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ዕቃው ጎድሎ ነው የመጣው» ይል ነበር። እሷ ቀለበቷን ወደ እኔ ዘርግታ አሳየችኝ፣ እንዳልጠራጠር። ፈታን፣ አስገባን፣ አሰርን። በሁለተኛው ሙከራ ባኪዋ ጉድጓዱን እንደ ድመት ረግጣ አለፈች። ዘይነባ ሳቀች። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ፊቷ በግራሶ ጠቁሮ፣ ጥርሷ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ መሪውን በመዳፏ እየመታች ሳቀች።

ቮስሎሩስ ስንደርስ ጀማል ብረቱን ተደግፎ ለአንዲት ሴት ስኳር ይሸጥ ነበር። ላብ በፊቱ ይወርዳል። ሴትየዋ ዘይነባን «ሳውቦና፣ ማማ» ብላ ሰላም አለቻትና፣ ሁኔታውን አይታ ስኳሯን ሳትይዝ ሄደች። ጀማል ቁልፉን ለማን ልስጥ እያለ ተንገዳገደ። «ለሱቁ ስጠው፤» አለችና ቆልፋ ቁልፉን በፍርግርጉ ወደ ውስጥ ወረወረችው። መሃላችን አስቀምጠነው፣ መስኮቱን ከፍተን በብርዱ ነዳን። ሆስፒታል በር ላይ ነርሷ «ምኑ ነሽ?» ስትላት ዘይነባ «እናቱ» አለች። ዋሽታ አታውቅም ብዬ ነበር፤ ያን ቀን አንዴ ዋሸች። ሌሊቱን ኦክስጅን ባያገኝ እንደማይተርፍ ሐኪሙ በማግስቱ ነገራት።

ጀማል ድኖ ወጣ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌዎች በሐጂ ሳሎን ተሰበሰቡና ዘይነባ ተጠራች። ሱቁ በዚያው ሌሊት ተሰብሮ ነበር፤ ያለ ጠባቂ ትታ ማዘረፏ፣ የሐጂንም ስም ማጥፋቷ ሊታይ ነው። «ና አብረን እንሂድ» አለችኝ፤ «አንድ የሚያየኝ ሰው ይኑር።»

ሽማግሌዎቹ ጀማልን ፊት ለፊት አስቀመጡት። ከስቷል፤ ልብሱ ግን አዲስ ነው።

«ከድር ሐኪም ጠይቆ ነበር?» አሉት።

ጀማል ምንጣፉን አየ። «እኔ አልሰማሁም።»

«አንተንስ? ሐጂ ከልክለውህ ነበር?»

«አልከለከሉኝም። ትንሽ ጉንፋን ነበር። እሷ መጥታ... አስጨነቀችኝና ወጣሁ።»

ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ውሸት ነው! አብሬያት ነበርኩ፤ ተሸክመን ነው ያስገባነው!» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ በትሕትና «ቲቸር፣ እናከብርዎታለን፤ ግን ይሄ የቤታችን ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ዘይነባ መዳፏን ምንጣፉ ላይ እንዳደረገች ወደ ጀማል ዞረች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም ጠብቋል።

«ሳንባህ እንዴት ነው?» አለችው።

ጀማል ቀና አላለም። «ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፤» አለችና ተነሥታ ወጣች። ይቅርታ እንድትጠይቅ የተዘጋጀው ሁሉ ባዶውን ቀረ። ወሩ ሳያልቅ ጀማል የራሱ ሱቅ ተከፈተለት።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኖረች። ባኪዋ የኮንጎና የሞዛምቢክ ሰዎችን ዕቃ፣ አልጋና ፍሪጅ፣ ከቤት ቤት ታመላልስ ጀመር። በኢድ ቀን ደጃፏን የቆረቆረ የለም። ሠርታ የጠበቀችውን ምግብ በሳህን እየሞላች ለጎረቤት ሁሉ አደለች፤ ለእኔ ስታመጣ «ብላ፣ ይሄኛው ለሰው ይሰጣል» አለች። ስላለፈው ነገር አታነሳም። አንድ ቀን ብቻ፣ የከድርን ሚስት ራሷ ደውላ እውነቱን እንደነገረቻት፣ ሴትየዋም «ለምን ነገርሽኝ? ሐጂ ለልጆቼ የሚልኩትን ቢያቆሙብኝስ?» ብላ እንደዘጋችባት ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ እጇን ምንም ላይ አላሳረፈችም፤ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

በተከታዩ ብርድ በሽታው እንደገና ሲያይል ያዛት። እኔ በራሷ ባኪ ነዳሁላት። ሆስፒታሉ ሞልቶ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው አየር የሚሰጠው። ወንበር አገኙላትና ከበሩ ሊመልሱኝ ሲሉ በእጇ ጠራችኝ። «ሂድ፤» አለችኝ፤ «እዚህ ቆመህ ምን ታደርጋለህ? አንተንም ይይዝሃል።» የመጨረሻው ንግግራችን ያ ነው። ትልቅ ነገር ብትናገር ደስ ይለኝ ነበር። አልተናገረችም።

ቀብሯን ሐጂ ቻሉ። ሁሉንም በወጉ፣ ምንም ሳያጓድሉ። መቃብሩ ላይ ቆመው «በመሃላችን ሰይጣን ገብቶ ነበር፤ እህቴን ይቅር ብያታለሁ» አሉ፤ ሰውም «አሚን» አለ። ከሳምንት በኋላ ሐጂ የላኳቸው ሁለት ሰዎች መጥተው የሐጂ ወንድም ንብረት ናት ብለው ባኪዋን ነድተው ወሰዱ። በመንገዱ ሲሄዱ ምንም ድምፅ አልነበራትም።

ጀማል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ከፍቼ ሳየው ቆሞ የመኪና ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። ወፍሯል፤ መኪና ገዝቷል። ግባ አላልኩትም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፤» አለኝ። «አብረሃት ነበርክ። ስለእኔ ምን አለችህ?»

«ምንም።»

«ስትሞትስ?»

«ምንም አላለችም።»

«ረግማኝ ከሆነ ንገረኝ። ልወቀው።»

«ጀማል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን አንስታ አታውቅም።»

ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ምነው በረገመችኝ፤» አለ፤ «ምነው በረገመችኝ።» አላሳዘነኝም። ልዋሸው ብችል ኖሮ ረግማሃለች ብዬ አሳርፈው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ብድግ ብሎ ቆመ።

«አቤት፣ ሐጂ፤» አለ። «መጣሁ። አሁን እየመጣሁ ነው።»